ከጉድጓድህ በታች የሚጠጣው ማን ነው?

በአገራችን «ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና» ይባላል። ይህ ምሳሌ የተነገረው ለተንኮለኛ ሰው ነው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ ተንኮለኛ አይደለም፤ ስለ ደግ ሰው ነው። ይኸውም ማለዳ ተነሥቶ፥ ቆፋሪ ቀጥሮ፥ በግቢው ጥግ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚያስቆፍረው፥ ጎረቤቱን የማይጠላው፥ ለቅሶ የሚደርሰው፥ የዕድሩን መዋጮ የማያጓድለው ሰው ነው። ይህ ሰው ቆፋሪውን ስለ ዋጋው፥ ስለ ጥልቀቱና ስለ ክዳኑ አጥብቆ ይጠይቀዋል። አንድ ነገር ግን አይጠይቅም፤ ከዚህ ጉድጓድ በታች ማን እንደሚጠጣ አይጠይቅም።

ይህን አለመጠየቅ እንዲያው ቸልተኝነት ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በደል ነው እላለሁ። ቆሻሻን መቅበር ቆሻሻን ማጥፋት አይደለም፤ ከዓይን ማራቅ ብቻ ነው። ከእኔ ዓይን የራቀው ነገር ወደ ሌላ ሰው ጉሮሮ የሚሄድ ከሆነ፥ ያደረግሁት ጽዳት ሳይሆን ማስተላለፍ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ነገሩን ለእናንተ የምጽፈው፥ ነገ ቤት የምትሠሩት፥ ማደያና ጋራዥ የምትከፍቱት፥ በጽሕፈት ቤትም ተቀምጣችሁ የግንባታ ፈቃድ የምትፈርሙት እናንተ ስለ ሆናችሁ ነው።

አስቀድመን ከእግራችን በታች ያለውን እንወቅ። የከርሰ ምድር ውሃ ሲባል ብዙ ሰው በዋሻ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ይመስለዋል። አይደለም። ዝናብ በአፈሩ ቀዳዳና በድንጋዩ ስንጥቅ እየሠረገ ይወርድና ከታች ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላል። ሞልቶም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እንደ ላይኛው ወንዝ ሁሉ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይሄዳል። በደቃቅ አሸዋ ውስጥ በቀን አንድ ክንድ እንኳ ላይሄድ ይችላል፤ በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ግን በአንድ ቀን ሰፈር አቋርጦ ያልፋል። ስለዚህ የላይኛው ሰው ሽንት ቤትና የታችኛው ሰው የውሃ ጉድጓድ በአንድ የውሃ መንገድ ላይ ከተገኙ፥ አጥር ቢለያቸውም ምድር አልለየቻቸውም።

አዲስ አበባን ተመልከቱ። ከተማዋ ከእንጦጦ ጀምራ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ የከርሰ ምድሩም ውሃ በጠቅላላው ወደ አቃቂ ይወርዳል። ከተማዋ ከምትጠጣው ውሃ ከፍ ያለው ድርሻ የሚቀዳው በዚያው በአቃቂ ሜዳ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። እንግዲህ ከላይ ያለው ሽንት ቤት፥ ጋራዥ፥ ማደያና ፋብሪካ ሁሉ የተቀመጠው ከራሱ ማድጋ አፍ በላይ ነው ማለት ነው። ይህን እያወቁ «ምን ቸገረኝ» የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አራት ዓይነት ነው። አንድ በአንድ እንመርምረው።

አንደኛው ምክንያት «መሬት ያጠራዋል» የሚለው ነው። በ38 ዓመት የመምህርነት ዘመኔ ይህን ስንት ጊዜ እንደ ሰማሁት ልቆጥረው አልችልም። ስሟን በማልጠራት በአንዲት ከተማ ሳስተምር፥ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ሽንት ቤት እንዲቆፈር ተወሰነ። የተመረጠው ቦታ የታችኛው ሰፈር ሴቶች ከሚቀዱበት ጉድጓድ በላይ፥ ድንጋይ ቢወረውሩ ከሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። በስብሰባው ላይ ተነሥቼ «ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ሳናጣራ አንቆፍር» ብል፥ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ፈገግ ብሎ «መምህር፥ መሬት እኮ ወንፊት ነው» አለኝ። ሰውም ሳቀ። ሽንት ቤቱ ተቆፈረ፤ ምረቃውም በጭብጨባ ተደረገ። በክረምቱ በታችኛው ሰፈር ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። ከጉድጓዱ ይሁን ከሌላ፥ የመረመረ ሰው አልነበረም። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ በሽታው ብቻ አይደለም፤ ለሪባን ገንዘብ የተገኘላት ከተማ አንድ ጠርሙስ ውሃ ወደ ላቦራቶሪ ለመላክ ገንዘብ የለኝም ማለትዋ ነው።

መሬት ወንፊት መሆኑ በከፊል እውነት ነው። ደቃቅና ያልተሰነጠቀ አፈር ውሃውን ቀስ አድርጎ ስለሚያሳልፈው፥ ጀርሞች በመንገድ ተይዘው ይቀራሉ፤ ብዙዎቹም በጊዜ ብዛት ይሞታሉ። ጀርመኖች በውሃ ጉድጓዶቻቸው ዙሪያ የጥበቃ ክልል ሲከልሉ፥ ሁለተኛውን ክልል የሚለኩት ውሃው ወደ ጉድጓዱ ለመድረስ 50 ቀን በሚፈጅበት ርቀት የሆነው ስለዚህ ነው። ነገር ግን ወንፊት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የእህል ወንፊትና የዱቄት ወንፊት እንደሚለያዩ፥ አፈርና አፈር፥ ድንጋይና ድንጋይም ይለያያሉ። የደጋችን ጥቁር ድንጋይ ስንጥቅጥቅ ነው። መረሬው አፈር እንኳ በበጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። የኖራ ድንጋይማ ወንፊት ሳይሆን ቧንቧ ነው። በባሌ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ያየ ሰው፥ የወይብ ወንዝ በድንጋይ ውስጥ ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ በዓይኑ አይቷል።

ይህን ነገር በሙከራ ያረጋገጡ ሰዎች አሉ። በጀርመን አገር የዳኑብ ወንዝ ኢመንዲንገን በምትባል ከተማ አጠገብ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ወደ መሬት ይሠርጋል። በ1877 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት 10 ኪሎ ግራም የሚያበራ አረንጓዴ ቀለም ወንዙ በሚሠርግበት ቦታ ጨመሩ። ከ60 ሰዓት ያህል በኋላ 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የአኅ ምንጭ አረንጓዴ ሆነ። መሬት ወንፊት ነው ያለኝ ሰው በዚያ ቀን በምንጩ ዳር ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን ይል ነበር? ቀለሙ ታየ እንጂ፥ በቀለሙ ፋንታ የበሽታ ዘር ቢሆን ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት «ውሃው ኩልል ያለ ነው፤ ጣዕሙም ጥሩ ነው» የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነው በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ ሶሆ በተባለው ሰፈር የሆነው ነገር ነው። በብሮድ ጎዳና የነበረው የእጅ ፓምፕ በውሃው ጥሩነት የታወቀ ነበር። ከሰፈሩ ለቅቃ ሐምፕስቴድ ወደ ተባለ ሩቅ ስፍራ የሄደች አንዲት መበለት እንኳ ጣዕሙን ስለ ወደደችው ከዚያ ድረስ ታስመጣው ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ኮሌራ በሰፈሩ ገባና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። መበለቲቱም ውሃው በሄደበት ስፍራ፥ ከኮሌራው ሰፈር ርቃ ሳለች፥ በኮሌራ ሞተች። በዚያው በብሮድ ጎዳና የነበረው የጠላ ፋብሪካ ሠራተኞች ግን የፓምፑን ውሃ ስለማይጠጡ ተረፉ።

ዶክተር ጆን ስኖው የሟቾቹን ቤት አንድ በአንድ ቆጥሮ ነገሩ ከፓምፑ መሆኑን አሳየ፤ በመስከረም 8 ቀን እ.ኤ.አ. የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ሄንሪ ኋይትሄድ የተባለው የሰፈሩ ቄስ ግን የስኖውን ቃል ሊያስተባብል ተነሥቶ ቤት ለቤት ሲመረምር፥ በመጨረሻ ራሱ ምንጩን አገኘው። በፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት አንዲት ሕፃን ታማ ነበር፤ እናቲቱም የሕፃኗን የቆሸሸ ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ በቤቱ ፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ትደፋው ነበር። በ1855 እ.ኤ.አ. ስፍራው ሲቆፈር፥ የፍሳሽ ጉድጓዱ ግንብ ፈራርሶ ተገኘ፤ ከውሃው ጉድጓድ የሚለየውም አንድ ሜትር የማይሞላ አፈር ነበር። ልብ አድርጉ፤ ያቺ እናት ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ልጅዋን የምታስታምም ሴት ነበረች። ገዳዩ ክፋት ሳይሆን፥ ጉድጓዶቹ ሲቆፈሩ ስለ ርቀታቸው ማንም አለመጠየቁ ነበር።

ሦስተኛው ምክንያት «አፍልቶ መጠጣት ነው» የሚለው ነው። ማፍላት መልካም ልማድ ነው፤ ጀርሞችን ይገድላል፤ እኔም ሳስተምረው ኖሬአለሁ። ነገር ግን እሳት የማይገድላቸው ነገሮች አሉ። ከሰውና ከከብት እዳሪ፥ ከማዳበሪያም፥ ናይትሬት የሚባል ነገር ወደ ውሃ ይወርዳል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ውሃው ሲፈላ ውሃው ይተንናል እንጂ እርሱ አይተንም፤ ስለዚህ ባፈላነው ቍጥር ይበልጥ ይወፍራል። በ1945 እ.ኤ.አ. ሐንተር ኮምሊ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር በእርሻ ጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ጨቅላ ሕፃናት ደማቸው አየር መሸከም እያቃተው ሰውነታቸው እንደሚጠቍር ገለጸ። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ ነገር የሚመክረው ልክ በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። የድሬዳዋ ከተማ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በከተማዋ ካሉት ጉድጓዶች በአንዳንዶቹ ናይትሬት ከዚህ ልክ አልፎ መገኘቱ በጥናት ተመዝግቧል። የድሬዳዋ እናት ውሃውን ብታፈላ ጀርሙን ትገድላለች፤ ናይትሬቱን ግን ለልጅዋ አወፍራ ታቀርባለች።

የነዳጁ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በማደያ ከመሬት በታች የተቀበረ የብረት ጋን ዝገት ሲበላው ጠብ ጠብ እያለ ይፈስሳል፤ ባለቤቱም በዓመት ጥቂት ሊትር ጎደለብኝ ብሎ ያልፈዋል። በነዳጅ ውስጥ ካሉት ነገሮች አንዱ፥ ኬሚስቶች ቤንዝን የሚሉት፥ ካንሰር የሚያመጣ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ ለዚህ ነገር የሰጠው ልክ በሊትር ከአንድ ሚሊ ግራም መቶኛ እጅ ነው። እንግዲህ እናንተው አስሉት። አንድ ግራም ቤንዝን፥ ማለት ጥቂት ጠብታ፥ 100,000 ሊትር ውሃን እስከ ልኩ ጫፍ ያደርሰዋል። የተቃጠለ ዘይቱን በጓሮው ጉድጓድ የሚደፋ የጋራዥ ባለቤት «ጥቂት ናት» ሲላችሁ ይህን ሒሳብ አሳዩት።

አራተኛው ምክንያት «ግቢዬ ነው፤ በግቢዬ የወደድሁትን ብሠራ ማን ያገባዋል» የሚለው ነው። ከአራቱ ሁሉ የምጠላው ይህን ነው፤ የቀሩት ካለማወቅ ሲመጡ ይህ የሚመጣው ከትዕቢት ነውና። ካርታው ያንተ ነው፤ ከሥሩ የሚያልፈው ውሃ ግን ካርታህን አያነብም። አባቶቻችን ወንዝ ላይ ሲሰፍሩ ከብት የሚጠጣበትን ከታች፥ ሰው የሚቀዳበትን ከላይ ያደርጉ ነበር፤ የላይኛው ሰው ወንዙን ቢያደፈርስ የታችኛው ሰው በሽማግሌ ይከስሰው ነበር። ከመሬት በላይ የሚፈስሰውን ያደፈረሰ የሚከሰስ ከሆነ፥ ከመሬት በታች የሚሄደውን ያደፈረሰ ስላልታየ ብቻ ነጻ የሚሆንበት ሕግ ከየት መጣ? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል፤ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም አካባቢን መበከል ክልክል መሆኑን ደንግጓል። ሕጉ ተጽፏል፤ የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

«እንግዲያው መንግሥት ይመርምር» የሚል ሰው ይኖራል። አዎን፥ ይመርምር። ነገር ግን ምርመራ ብቻውን አያድንም፤ የተመረመረውን መስማትም ያስፈልጋል። በካናዳ አገር፥ በኦንታሪዮ፥ ዎከርተን የምትባል 5,000 ያህል ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ነበረቻት ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ አንድ ጉድጓድ። በ1978 እ.ኤ.አ. ሲቆፈር፥ በአጠገቡ ያለው እርሻ ውሃውን ሊበክል እንደሚችል በባለሙያ ተነግሮ ነበር። ወረቀቱ ተቀመጠ። የከተማዋ የውሃ ሠራተኞችም የክሎሪኑን መጠን ሳይለኩ እንደ ለኩ አድርገው በመዝገብ ይጽፉ ነበር። በግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. ከባድ ዝናብ ዘነበና የከብት ፍግ ያለበት ውሃ በተሰነጠቀው ድንጋይ በኩል ጉድጓዱ ገባ። 7 ሰዎች ሞቱ፤ ወደ 2,300 የሚሆኑ ታመሙ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ገበሬው በደንቡ መሠረት የሠራ ሰው ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ የተገኘው 22 ዓመት ሙሉ ማስጠንቀቂያውን ይዘው ዝም ባሉትና ሐሰት በጻፉት ላይ ነው። ዝናቡ የፈረደው በአንድ ቀን ነው፤ ጉድጓዱ ግን የተፈረደበት ከ22 ዓመት በፊት ነበር።

በእኛም አገር የሚታየው አደጋ ያስለቅሰናል፤ የማይታየው ግን አያስጨንቀንም። በመጋቢት 2017 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የቆሼ የቆሻሻ ተራራ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሲሞቱ አገሩ ሁሉ አለቀሰ፤ ማልቀስም ይገባ ነበር። ነገር ግን በዚያ ስፍራ ከ50 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ቆሻሻው ሲከመር፥ ከሥሩ ማገጃ አልተነጠፈለትም ነበር። በየክረምቱ ዝናብ በዚያ ክምር ውስጥ ሲያልፍ ወደ ታች ይዞት የሚወርደው ነገር ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ የሚያለቅስለት የለም።

አሁን አንድ ክርክር አለ፤ እርሱን ሳልመልስ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። «ግቢው ጠባብ የሆነ ድሃ ምን ያድርግ? የምትለውን ርቀት ከየት ያምጣ?» የሚል ነው። እውነት ነው። ድሃው ሽንት ቤት ባይቆፍር በሽታው ከዚያ ይብሳል፤ ስለዚህ አትቆፍር አልለውም። በጠባብ ሰፈር መፍትሔው የአንድ ሰው ሳይሆን የሰፈሩ ነው። ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፍኖ እንዳያሳልፍ ማድረግና በፍሳሽ መኪና ማስመጠጥ፥ በጋራ መሥራት፥ ወይም ሽንት ቤቱ የማይርቅ ከሆነ የሚጠጣውን ውሃ አርቆ በቧንቧ ማምጣት ይቻላል። ወቀሳዬ አቅም በሌለው ላይ ሳይሆን፥ አቅም እያለው በማይጠይቀው ላይ ነው፤ ሰፊ ግቢ እያለው ከጎረቤቱ ጉድጓድ ጎን በሚቆፍረው፥ ስፍራውን ሳያይ ፈቃድ በሚፈርመው ላይ ነው።

እንግዲህ መመዘን ማለት ምን እንደ ሆነ ልንገራችሁ፤ ረቂቅ ምሥጢር አይደለም። ሦስት ነገር አስቡ፤ መርዙ፥ መንገዱ፥ ጠጪው። ሦስቱ ሲገናኙ አደጋ ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ከተቋረጠ አደጋው ይቀራል። መርዙን ለማወቅ በውሃ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን ሽንት ቤት፥ በረት፥ ጋራዥ፥ ማደያ፥ የቆሻሻ መጣያ ቍጠሩ። ውሃቸው ነጥፎ የተተዉትን አሮጌ ጉድጓዶችም አትርሱ፤ ሰው ቆሻሻ ሲጥልባቸው ያለ ምንም ወንፊት ወደ ታች የሚያወርዱ በሮች ይሆናሉና። ሽንት ቤት ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ፥ ወለሉም ከውሃው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይመከራል። የውሃው ወለል የሚለካው ግን በክረምት፥ ከፍ ባለበት ጊዜ ነው፤ በግንቦት ለክቶ ለነሐሴ መፍረድ ራስን ማታለል ነው። ድንጋዩ የተሰነጠቀ ከሆነ ደግሞ 30 ሜትር አይበቃም።

መንገዱን ለማወቅ የመሬቱን ቁልቁለት ተመልከቱ፤ ነገር ግን የላዩ ቁልቁለትና የታችኛው ሁልጊዜ አንድ ስላልሆነ በዚያ ብቻ አትፍረዱ። በገመድና በድንጋይ በሦስት ጉድጓዶች ውስጥ ያለውን የውሃ ጥልቀት ለኩ፤ የየጉድጓዱን አፍ ከፍታም አስተካክሉ፤ ውሃው ከፍ ካለበት ዝቅ ወዳለበት እንደሚሄድ በወረቀት ላይ ሥሉት። ይህን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው ይችላል። በመጨረሻም የውሃውን ጉድጓድ ራሱን እዩ። ክዳን አለው? አፉ ከመሬት ከፍ ብሎ ተገንብቷል? የፈሰሰው ውሃ ተመልሶ ይገባል ወይስ በቦይ ይርቃል? ውሃውንም በበጋና በክረምት አስመርምሩ፤ የአንድ ቀን ምርመራ የአንድ ቀን ምስክር ነውና።

ወጣቶች ሆይ፥ በዚህ ነገር ማስረጃ አምጣ መባል ያለበት ማን እንደ ሆነ ለዩ። እስከ ዛሬ የምንጠይቀው የሚጠጣውን ሰው ነው፤ «መታመምህን አረጋግጥ» እንለዋለን። ይህ የተገለበጠ ፍርድ ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሚቆፍረው ሰው ነው፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፥ ማን እንደሚቀዳው እርሱ ያስረዳ። የከርሰ ምድር ውሃ አንዴ ከተበከለ ማንጻቱ ዓመታትን፥ አንዳንዴም ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል፤ መጠየቅ ግን የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በቤታችሁ፥ በትምህርት ቤታችሁ፥ በሰፈራችሁ ጉድጓድ ሊቆፈር ሲል ተነሥታችሁ ጠይቁ። ይሳቁባችሁ። ከተሳቀበት ጥያቄ ይልቅ ያልተጠየቀ ጥያቄ ብዙ ሰው ቀብሯል።